ከሐረጎ ወዲህ

አራተኛ ወጣን፤ ዘንድሮም አራተኛ፣
ሦስት ወንበር ይዘው ሦስት ጎምቱ ዳኛ።
በኮምቦልቻ ፀሐይ ሲሚንቶው ሲጋገር፣
ባለጎማ ጫማዬ ከሥሬ ሲናገር፣
ሙሔ ወገቤን ይዞ ወደ ላይ ሲያነሳኝ፣
ያቺን አንዲት ቃሉን ዛሬ ለምን ነሳኝ?

«አለሁ» ይለኝ ነበር፣ ለኔ፣ በሹክሹክታ፣
እግሬ መሬት ለቆ ልቤ ሲያመነታ።
ስድስት ዓመት ሙሉ አንዴም አላጎደለ፤
ዛሬ እጁ ነበረ፣ አፉ «አለሁ» አላለ።
እኔም አየር ላይ ሆኜ ያቺን ቃል ስጠብቅ፣
ክንዴን መዘርጋቱን ረሳሁት፣ ስጨነቅ።

አልወደቅንም እኮ። ብንወድቅ ይሻል ነበር፣
ቁስል ይዞ መግባት ያስገኛል ሰበብ፣ ነገር።
እኛ ግን አረፍን፣ በአራት እግር፣ በደህና፤
ምንም አልሆንንም። አራተኛ ሆንና።

አሁን ሚኒባሱ ሐረጎን ይወጣል፣
ጠመዝማዛው መንገድ አንጀት ያገላብጣል።
ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል ሁለቱን ከፈልኩኝ፣
ሙሔ ተኝቷልና አልቀስቅሰው አልኩኝ።
መዳፉ ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ወድቋል፣
በግሪስ ጠቁሯል፣ በክብደቴ ደርቋል።

ቀን ከሲኖትራክ ሥር ጀርባው አፈር ልሶ፣
ማታ ኩሽኔታዬን በናፍጣ አርሶ፣
አጥቦ፣ ግሪስ ቀብቶ፣ በጨርቅ አገላብጦ፣
«ስሚው» ይለኝ ነበር፣ ጎማውን አሯሩጦ።
ጠጠር የሌለበት ድምፅ ይወዳል እሱ።

በረዶ ላይ ጥንዶች በቲቪ ስናይ፣
እኛ ደግሞ በጎማ፣ እኛ ሲሚንቶ ላይ፣
ብለን ነው የጀመርነው። ጦሳ ጉም ለብሶ ስንወጣ፣
የሜዳው ዘበኛ ቁልፉን እስኪያመጣ፣
በአንድ ጥንድ ጓንት፣ ግራው ለሱ፣ ቀኙ ለኔ፣
ቆመን እናወራለን ስለሚመጣው ወገኔ።
ያ ሁሉ ብርድ ተደምሮ ይሄን ያህል ነው ወይ?

አሰልጣኝ እሸቴ ዓምና ነበር ያሉት፣
«ይሄ ጨዋታ ነው፣ እንጀራ አታርጉት»።
አክስቴ ሰኞ ገበያ ጣቃ ትሸጣለች፣
ዕድሜዬንም በክንድ ትለካብኛለች፤
«ሃያ ስድስት ሞላሽ፤ እስከ መች ትዞሪያለሽ?
ሰው በእግሩ ሲቆም አንቺ ትንሸራተቻለሽ።»

ደግሞ ያ ልጅ አለ። ከመግባታችን በፊት፣
አጋሩ ባቲ አግብታ ብቻውን የቀረ፣
ውሃ እያቀበለ ስልኬን ሲጠይቅ ነበረ።
«ከኔ ጋር ብትሰሪ ሜዳሊያ ነው» አለኝ።
ቁጥሬን ሰጠሁት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤
ቀጥሎ ነው የቆጨኝ።
ሙሔ ያን ጊዜ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነበር፣
ጀርባውን ሰጥቶ። ወይስ ዞሮ ነበር?

ከኮምቦልቻ ጀምሬ ሳጠና መጣሁ፣
«ሙሔ፣ እኔ በቃኝ»፦ ሦስት ቃል ነው፤ አፍ አጣሁ።

ኩርባው ላይ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ድንገት፣
ተገፍቼ ሄድኩኝ በሙሉ ክብደት፣
ወደ ሙሔ ትከሻ። ዓይኑን እንኳ አልገለጠ፤
ያ የተከፈተ እጅ ወገቤን ጨበጠ፣
ልክ በቦታው። ልክ። ከዚያም እንደ ጥንቱ፣
ከእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ «አለሁ» አለ አንደበቱ።

ለኔ ነው? ለልማድ? ወይስ በሱ ሕልሙ
ገና ሜዳው ላይ ነን፣ ካርቶኖቹም አልቆሙ?

ደሴ መናኸሪያ ጉሙ ወርዶ ጠበቀን፣
የመብራቱን እንጨት ከሰው ቀላቅሎብን።
ሁሌ ሁለቱን ቦርሳ እሱ ነው የሚያነሳው፤
ዛሬ የኔን ያዝኩኝ። አይቶ ዝም አለ፣ ተወው።
«ማክሰኞ፣ ሳይነጋ?» አለኝ፣ ጃኬቱን እየዘጋ።

«የቀኝ ጫማዬ» አልኩት፣ «ሦስተኛዋ ጎማ
ጠጠር ገብቶባታል። ምነው፣ አልተሰማ?»

እዚያው ቆመን ቦርሳዬን ከፈተ፣
ጎማዋን ፈልጎ በጣቱ ገፋ፣
ጆሮውን አስጠግቶ ሰማት፣ ድምጿ እስኪጠፋ።
«ይታጠባል» አለ።

እሺም አላልኩትም፣ እምቢም አላልኩትም።
ቦርሳዬን በትከሻው ይዞት ጉሙ ውስጥ ገባ፤
እኔ ባዶ እጄን ወደ ቧንቧ ውሃ ወረድኩ።